ያሰረው ሰው ይፍታው

ሲስተር ዘውዲቱን ለቀብር ያጠቧቸው ሴቶች በሁለቱ እጆቻቸው አንጓ ላይ ምልክት አይተዋል። ዙሪያውን የዞረ፣ ቀላ ብሎ ወደ ጥቁር የሚያደላ መስመር። ይህን የነገረችኝ የእህታቸው ልጅ ሰናይት ናት። በቀብሩ ማግሥት ድንኳኑ ውስጥ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ አንተ የድንገተኛ ክፍሉ ሰው ነህ፣ ያ ነገር ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። የደም ግፊት መለኪያው ነው አልኳት። ሰው ሲያረጅ ቆዳው ይሳሳል፣ ትንሽ ሲጫኑት ይበልዛል እያልኩ አብራራሁላት። የደም ግፊት የሚለካው ክንድ ላይ እንጂ አንጓ ላይ አይደለም፤ ይህን ለማወቅ ነርስ መሆን አያስፈልግም። ግን እሷ ሐዘን ላይ ነበረች፣ እኔ ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመት በሙያው የቆየሁ ሰው ነኝ። አመነችኝና ሻይ አመጣችልኝ።

ሻዩን ጠጣሁት። እስከ ዛሬ ከሚያሳፍሩኝ ነገሮች አንዱ ይኼ ነው።

ምልክቱ የምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ለሰናይት እውነቱን ልንገራት ወይስ ዝም ብዬ ልኑር እያልኩ ከአንድ ወር በላይ ከራሴ ጋር ስሟገት ከረምኩ። ጭንቀቴ እንዲገባችሁ ግን መጀመሪያ ሲስተር ዘውዲቱ ማን እንደነበሩ ማወቅ አለባችሁ።

አዳማ፣ እስከ ዛሬ በምሠራበት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ስመደብ ገና ከትምህርት ቤት የወጣሁ ልጅ ነበርኩ። ጋውኔን በየቀኑ እተኩስ ነበር። ሲስተር ዘውዲቱ ያኔ ሃምሳውን አልፈዋል። አጠር ደልደል ያሉ፣ ነጭ ሸራ ጫማ የማያወልቁ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሴት ነበሩ። በቀኝ ኪሳቸው የስኳር መለኪያ፣ በግራ ኪሳቸው ክዳኑ የተሰነጠቀ የቫዝሊን ዕቃ ይይዛሉ። ከኋላቸው "ሲስተር ቫዝሊን" ነበር የምንላቸው። ያውቃሉ። አንድ ቀን አፌን አዳልጦኝ በዚያው ስም ጠራኋቸውና ክው ብዬ ስቆም፣ ዞር ብለው "አቤት፣ ሚስተር ጋውን" አሉኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ጥበቃው ሁሉ ሚስተር ጋውን እያለ ይጠራኝ ነበር።

የቫዝሊኑ ነገር እንዲህ ነው። ከደራ፣ ከወለንጪቲ፣ ከመተሐራ በኩል አእምሮው የታወከ ሰው ወደ እኛ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ታስሮ ነው የሚመጣው። በጠፍር፣ በሲባጎ፣ በነጠላ፣ አንዳንዴም በራሱ ቀበቶ። አሳሪዎቹን በክፋት ጠርጥሬያቸው አላውቅም። ወንድሙ ድንጋይ ይዞ እናቱን ሲያባርር የዋለበት ሰው እንዴት አድርጎ ባጃጅ ውስጥ ያስገባው? ክፋቱ የሚጀምረው እኛ ጋ ከደረሰ በኋላ ነው። ታስሮ የመጣን ሰው ሙቀት የሚለካ የለም። ገመዱን ያየ ሁሉ መርምሮ የጨረሰ ይመስለዋል። ካርዱ ላይ "የአእምሮ" ተብሎ ይጻፍና ሰውየው ወደ ጓዳ ይላካል። ጓዳ የምንለው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ያለውን፣ ድሮ ዕቃ ቤት የነበረውን፣ የብረት በር ያለውን ክፍል ነው። የአእምሮ ሐኪሙ የሚመጣው በተወሰኑ ቀናት ጠዋት ብቻ ስለሆነ እስከዚያ በሩ ይዘጋል።

ሲስተር ዘውዲቱ ተረኛ በሆኑበት ቀን ነገሩ ሌላ ነው። የታሰረ ሰው ሲገባ ጥበቃዎቹን በእጃቸው ምልክት ወደ ኋላ ይመልሷቸዋል። በሽተኛው ፊት ይቆሙና እንደ ሰውየው በአማርኛ ወይም "አካም ጅርታ" ብለው በኦሮምኛ ሰላም ይላሉ። ስማቸውን ይነግሩታል፣ ስሙን ይጠይቁታል። ከዚያ ወደ ቤተሰቡ ዞረው "ማነው ያሰረው?" ይላሉ። እንደ ፖሊስ አይደለም፤ ይህ ጃንጥላ የማነው ብሎ እንደሚጠይቅ ሰው ነው። አንዱ አንገቱን ደፍቶ ወደ ፊት ይወጣል። "ያሰረው ሰው ይፍታው" ይላሉ። እሳቸው የበሽተኛውን እጅ ይዘው፣ አሳሪው ጎንበስ ብሎ ቋጠሮውን ይፈታል። ያኔ ቫዝሊኑ ከኪሳቸው ይወጣል። ገመዱ የከረከረውን ቦታ ቀስ ብለው እያሹ በዚያው የልብ ምቱን ይቆጥራሉ፣ ትኩሳቱን ያያሉ፣ ጣቱን ወግተው ስኳሩን ይለካሉ። በሽተኛው ሐኪም ቤት መግባቱን ሳያስበው ግማሹ ምርመራ ያልቃል።

ሁልጊዜ በሰላም ያልቃል ማለቴ አይደለም። አንዴ የተፈታ ጎረምሳ በጥፊ ብሏቸው መነጽራቸው እግሬ ሥር ወደቀ። ጥበቃዎቹ ሊዘሉበት ሲሉ ከለከሏቸው። "ሲፈታ ፊቱ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ማንን ይምታ?" አሉ። መነጽሩን አንስቼ ሰጠኋቸው፣ አድርገውት ሰላምታቸውን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

እኔ በዚያን ጊዜ ይህን ሁሉ ትርፍ ድካም አድርጌ ነበር የማየው። ሐሳቤን የለወጠው የደራው ሰውዬ ነው።

የሁዳዴ ጾም ነበር። ሁለት ወንድማማቾች ሦስተኛውን በጠፍር አስረው ከደራ ይዘውት መጡ። ጎልማሳ ገበሬ ነው። ይሳደባል፣ ይራገማል፣ የሚናገረው አይያያዝም። ሰላም ልለው ስጠጋ በተተኮሰው ጋውኔ ላይ ተፋብኝ። ተናደድኩ። ካርዱ ላይ "የአእምሮ" ብዬ ጻፍኩና ጓዳ አስገብቼ በሩን ዘጋሁበት። ለጥቂት ጊዜ ሲጮህ ቆየ፣ በኋላ ዝም አለ። ደስ አለኝ። ካርዱን አንስቼ "ተረጋግቷል" ብዬ ጨመርኩበት።

ሲስተር ዘውዲቱ ስምንት ሰዓት ላይ ተራ ሊረከቡ ገቡ። ካርድ ሳያነቡ ወንበር ላይ መቀመጥ አያውቁም። የኔን ጽሑፍ አነበቡና "ማን አረጋጋው?" አሉኝ።

"ራሱ ነዋ" አልኳቸው።

ሲሮጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ሰውየው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፣ ላቡ ሸሚዙን አጥቦታል፣ ገላው ቀዝቅዟል። ታላቅ ወንድሙን ጠርተው ፍታው አሉት። እሱ ከጠፍሩ ጋር ሲታገል እሳቸው የበሽተኛውን ጣት ወጉ። ስኳሩ ከመውረዱ የተነሣ መለኪያው ቁጥር ሊያወጣለት አልቻለም። ግሉኮስ በደም ሥሩ ሰጡት። ብዙም አልቆየ፣ ዓይኑን ገለጠና ዙሪያውን አይቶ "በሬዎቹን ማን አስገባቸው?" አለ። ታላቅ ወንድሙ ጠፍሩን እንደያዘ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ሰውየው የስኳር በሽተኛ ነበር። ጠዋት የኢንሱሊን መርፌውን ወግቶ፣ ጾሙን ላለማፍረስ እህል ሳይቀምስ እርሻ ላይ ውሏል። አብዷል ብለው አሰሩት፣ አብዷል ብዬ ዘጋሁበት።

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ውጭ ደረጃው ላይ ወስደው አስቀመጡኝና፣ የታሰረ ሰው ዝም ሲል ተሻለው ማለት አይደለም፣ የሚጮኸውንማ እዚህ ሁሉም ይሰማዋል፣ አንተ ዝም ያለውን ፍራ አሉኝ። ቀጥለው የተናገሩትን እስከ ዛሬ በራሳቸው ድምፅ ነው የምሰማው። "ግርማ፣ ‹ተረጋግቷል› ብለህ ከመጻፍህ በፊት እጁን ያዝ።"

ለብዙ ዓመታት እየያዝኩ ጻፍኩ።

ታስሮ የመጣ ሁሉ ስኳር ወርዶበት ነው እንዳትሉ። አብዛኞቹ በእውነት አእምሯቸው የታመመ ናቸው፤ ሲስተር ዘውዲቱም ከማንም በላይ ያውቁታል። ከወንጂ የምትመጣ ብርሃኔ የምትባል ሴት ነበረች። ልጅ በወለደች በወሩ ድምፅ መስማት ጀመረች፣ ድምፁ ልጁን ጣዪው ይላታል። ባሏ ማርቆስ ሸንኮራ ቆራጭ ነው። መጀመሪያ ሲያመጣት በሲባጎ ነበር ያሰራት፤ መንገድ ላይ ዝናብ መትቶት ቋጠሮው እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። "ያሰረው ሰው ይፍታው" ተባለና ማርቆስ በጥፍሩም በጥርሱም ታገለው። ክፍሉ ሙሉ ሰው ቆሞ ያያል። የዕለቱ ሐኪም ትዕግሥቱ አለቀና መቀስ የለም ወይ ብሎ ጮኸ።

"መቀስማ አለ፣ ዶክተር" አሉት ሲስተር። "ግን ነገ እሷ ጋ የሚውለው ይህ ሰው ነው። እጁ ማሰር ለምዷል፤ መፍታትም ይልመድ።"

ለምን ገመድ እንደማይቆርጡ የገባኝ ያን ዕለት ነው። የተቆረጠ ገመድ ቤት ሲገባ በሌላ ገመድ ይተካል። መፍታት የለመደ እጅ ግን እንደገና ለማሰር ሲነሣ ያመነታል ብለው ያምኑ ነበር። ብርሃኔን ጓዳ አላስገቧትም። ከነርሶች ጠረጴዛ አጠገብ፣ ግድግዳው በኩል አንድ ወንበር አስቀመጡላት። ውኃ በፕላስቲክ ኩባያ ሰጧት። እሷን የሚያናግር አንድ ሰው ብቻ እንዲሆን አደረጉ፣ ሌሎቻችንን አፋችንን አስዘጉን። መድኃኒቱን ከመርፌው በፊት በአፏ እንድትወስድ ለመኗት፣ በሁለተኛው ልመና ዋጠችው። ወንበሩ ከዚያ በኋላ "የብርሃኔ ወንበር" ተባለ፤ አእምሮው ተምታቶ፣ ተረብሾ፣ ልሙት እያለ የመጣ ሁሉ እዚያ ነው የሚቀመጠው። በሦስተኛው ጊዜ ማርቆስ ሚስቱን ይዞ ሲመጣ የነጠላዋን ጫፍ ብቻ ይዞ ነበር። ሲስተር ገመዱስ ብለው ጠየቁት። ቤት ረሳሁት አላቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ እኔም ስስቅ ተገኘሁ።

የጓዳውን በር ነገር ደግሞ ሆስፒታሉ ሁሉ ያውቀዋል። ዳይሬክተሩ ለስብሰባ አዲስ አበባ የሄደ ቀን፣ አናጺውን ካቻቢቴውን አስይዘው አመጡና የብረት በሩን አስወለቁት። በምትኩ አበባ ያለበት መጋረጃ ሰቀሉ። ዳይሬክተሩ ሲመለስ በሩ ከአጥሩ ጋር ተደግፎ አገኘውና ማን ነው ያወለቀው ብሎ ተቆጣ። "እኔ ነኝ" አሉ ሲስተር። "ጓዳ ነው ስትሉ ሰማሁ። ጓዳ ደግሞ መጋረጃ እንጂ የብረት በር አይገባውም።" የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባቸው። በሩ ግን አልተመለሰም።

ጡረታ የወጡ ዕለት ኬክ ቆረስንላቸው፣ ጋቢ አለበስናቸው። ሲወጡ እጄን ይዘው "በሩን አደራ" አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። እሺ አልኳቸው።

ከዚህ በኋላ ያለውን መጻፍ ይከብደኛል።

እሳቸው በወጡ በዓመቱ ይመስለኛል፣ አንድ በሽተኛ መጋረጃውን ገልጦ ወጥቶ ዋናው መንገድ ላይ ባጃጅ ገጨው። እግሩ ተሰበረ። ስብሰባ ተጠራ። የክፍሉ ኃላፊ ሆኜ ስለነበር ሁሉም ወደ እኔ አየ። ያን በሽተኛ ማንም አጠገቡ ሆኖ አላናገረውም ነበር፤ ችግሩ ይኼ እንደሆነ ውስጤ ያውቃል። ግን ሰው ጨምሩልኝ ከማለት በሩን መልሱ ማለት ይቀላል። ለጊዜው ብዬ ፈረምኩ። የብርሃኔ ወንበርም ካርድ ክፍል ወንበር ጎድሎ ለጊዜው ተወሰደ። አዲስ ለሚመጡት ነርሶች ደግሞ በሽተኛ እንዴት በፋሻ እንደሚታሰር አስተማርኳቸው። ሁለት ዙር፣ አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት፣ ቋጠሮው ከአልጋው ብረት በታች፣ በሽተኛው በማይደርስበት በኩል። ደም እንዳይቆም እያልኩ ስጠነቀቅ ደግ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

በየበዓሉ ሲስተርን ልጠይቅ ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳለው ቤታቸው እሄድ ነበር። ፓፓያ ይቆርጡልኛል፣ የሥራ ወሬ ይጠይቁኛል፣ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ "በሩስ?" ይሉኛል። እኔም "እንደተዉት ነው" እላቸዋለሁ። "ጎሽ" ይላሉ። ሰናይት እዚያው አብራቸው ስለምትኖር ይህን ንግግር ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች።

የሞቱበት ቀን ቅዳሜ ነው። በወለንጪቲ መንገድ ሚኒባስ ተገልብጦ ክፍላችን በቁስለኛ ተሞልቷል፣ ኮሪደሩ ላይ ሳይቀር ሰው ተኝቷል። ስድስት ሰዓት ገደማ ሰናይት ሲስተርን በባጃጅ ይዛቸው መጣች። ትኩሳት አላቸው፣ ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም፣ የሚናገሩት ተምታቷል። ታስረው አልመጡም፤ የሰናይትን ክንድ ይዘው በእግራቸው ነው የገቡት። ሰላም ስላቸው አላወቁኝም፣ ዶክተር አሉኝ። ባዶ አልጋ የነበረው ጓዳ ውስጥ ብቻ ስለሆነ ወደዚያ ወሰድኳቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ብረቱን በእጃቸው ነክተው ዞረው አዩኝ።

"በሩ" አሉ።

መዘባረቅ ነበር ወይስ አይደለም፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰናይትን ካርድ አውጪ ብዬ ላክኋት፤ ስትመለስም ጥበቃዎቹ ቤተሰብ ውጭ ይጠብቅ ብለው በር ላይ አስቀሯት። ግሉኮስ ሰቀልኩላቸው፣ ነቅለው ተነሡ። እንደገና ሰቀልኩ፣ እንደገና ነቀሉት። ደማቸው አንሶላው ላይ ፈሰሰ። ከኮሪደሩ ሌሎቹ ነርሶች ግርማ፣ ግርማ እያሉ ይጠሩኛል። ለአሥር ደቂቃ ነው አልኩ ለራሴ። ፋሻ ሳወጣ አልታገሉኝም። ሁለቱን እጃቸውን ራሳቸው ዘረጉልኝ። ምን መስሏቸው እንደዘረጉት ማሰብ አልወድም። አሰርኳቸውና የኮሪደሩ ጩኸት እንዳይረብሻቸው ብዬ በሩን ገፋሁት።

ወዲያው ድምፃቸው መጣ። "ማነው ያሰረው?" ይላሉ። የድሮው አጠያየቃቸው ነው፣ ረጋ ያለ። ትንሽ ይቆዩና እንደገና፣ "ማነው ያሰረው?" ይላሉ። ከአዲሶቹ ነርሶች አንዱ ሥራ ላይ ያሉ መስሏቸዋል ብሎ ፈገግ አለ። እኔም ፈገግ አልኩ። አንድ የእግር ስብራት አሰርኩ፣ አንድ ግንባር ሰፋሁ። ዝም አሉ። ቀና ብዬ በሩን አየሁና ካርዳቸውን ሳብኩ። እጃቸውን አልያዝኩም፤ ከጠረጴዛው ሳልነሣ ነው የጻፍኩት። ለአክብሮት ብዬ "ተረጋግተዋል" ብዬ ጻፍኩ።

በሩን ስከፍት ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። እጃቸው ቀዝቅዞ ነበር። ፋሻውን ፈታሁት፣ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት፣ ከዚያ ሐኪም ጠራሁ። ሐኪሙ ኢንፌክሽን ደማቸው ውስጥ ገብቶ ነው ብሎ ጻፈ፤ ምናልባትም ልክ ነው። ስኳራቸውን አልለካሁም። ብለካው፣ አጠገባቸው ብሆን ይተርፉ ነበር ወይ? እላለሁ፣ መልሼ ደግሞ አይተርፉም እላለሁ። ይህን ክርክር የሚዳኝልኝ ሰው የለም።

ቤተ ክርስቲያን ፍትሐቱ ሲደርስ ከኋላ ቆሜ ነበር። ስንት ቀብር ላይ ፍትሐት ሰምቻለሁ፣ ቃሉን ግን ልብ ብዬው አላውቅም። ፍትሐት ማለት መፍታት ነው። ቄሶቹ ከኃጢአት እስራት እየፈቷቸው ነው፤ እኔ ደግሞ ማን እንዳሰራቸው የማውቅ ብቸኛው ሰው ሆኜ እዚያ ቆሜያለሁ። ልወጣ ዞርኩ። ሰው ሐዘኑ ጸንቶበት ነው ብሎ ደገፈኝ።

የአርባቸው ዋዜማ ሰናይት ጋ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ለነገው ድግስ ድስት እያጠበች ነበር። ተቀመጥ አለችኝ፣ አልተቀመጥኩም።

"ሰናይት፣ ያ ምልክት የደም ግፊት መለኪያ አይደለም። ፋሻ ነው። ያሰርኳቸው እኔ ነኝ።"

እጇን ከውኃው አላወጣችም። ከዚያ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

"ማን ፈታት?"

"እኔ።"

"በሕይወት እያለች?"

"አይደለም" አልኳት።

ድስቱን አስቀመጠችው። ውጭ ቆማ ድምፃቸውን ስትሰማ እንደነበር ነገረችኝ። ማነው ያሰረው ሲሉ የድሮ ሥራቸውን በሕልም የሚያዩ መስሏት ነበር። ጥበቃውን ልግባ ብላ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቃዋለች፤ አይቻልም ሲላት ተቀምጣለች። አንድ ጊዜ ብቻ እያለች ደጋገመችው። የሷንም ሸክም የጨመርኩት እኔ እንደሆንኩ ያኔ ገባኝ። ልወጣ ስል ከኋላዬ "በሩስ?" አለችኝ።

"አለ" አልኳት። "ያስመለስኩትም እኔ ነኝ።"

በማግሥቱ ከአርባው ቅዳሴ ቀጥታ ወደ ሥራ ገባሁ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሆኗል። የጓዳው በር ተዘግቷል። ከውስጥ ምንም አይሰማም። በሩ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ካርዱን አነሣሁ። ከአዳሚ ቱሉ የመጣ የሃያ ስድስት ዓመት ሰው ነው። "የአእምሮ" ይላል፣ ከሥሩ ደግሞ "ተረጋግቷል" ይላል። በሩን ገፋሁት። ሰውየው አልጋው ላይ በጀርባው ተኝቶ ጣሪያውን ያያል። እጁን ያዝኩት። ይሞቃል፤ ከመጠን በላይ ይሞቃል፣ ትኩሳት አለው፣ ግን በሕይወት አለ።

አባትየውን ጠራኋቸው። እየፈሩ ገቡ። ስንት ዓመት ያልተናገርኩትን ቃል በሲስተር አነጋገር ልናገረው ሞከርኩ።

"አባቴ፣ ይምጡ። ያሰረው ሰው ይፍታው።"

ሽማግሌው የልጃቸውን እጅ አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

"እኛ መቼ አሰርነው፣ ልጄ" አሉ። "በእግሩ ነው የመጣው። ያሰራችሁት እናንተ ናችሁ።"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ፋሻ ነው። ሁለት ዙር፣ አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት፣ ቋጠሮው ከአልጋው ብረት በታች። ተንበርክኬ መፍታት ጀመርኩ።